የበደሳ ዳገት ድንጋዮች

ባለፈው ሳምንት ከመሰላ ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ጎማው ፈነዳ። አንዱ ሾፌር ለጎማው ታኮ አድርጎት፣ ሲነሳ መንገዱ መሃል ትቶት የሄደ ድንጋይ ነው። የእኛ ሾፌር ያንን የማያውቀውን ሰው ሲረግም ሳላስበው ሳቄ መጣ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ጤንነቴን ሳትጠራጠር አልቀረችም፤ ቦርሳዋን ወደ ጉያዋ ሳብ አደረገች። ምን ላድርግ፣ አዴራ ዩሱፍ ትዝ ብለውኝ ነው።

የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ አዴራ የምንላቸው በኦሮምኛ አጎት ለማለት ነው። ጭሮ ገበያ ባልዲና ጄሪካን ይሸጡ ነበር። ዕቃ ሁሉ ያሰብካቸዋል። ጄሪካን ሲያነሱ፣ ክዳን ከሌለው ምን ቢሞላ መፍሰሱ አይቀርም፣ ምላስም እንደዚያው ነው ይላሉ። መጥረጊያ ካዩ ስለ ቂም ያነሳሉ። ፊታቸው የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጥ እንኳ እንፈራ ነበር፤ ትምህርቱ ሳያልቅ ሻዩ ይበርዳል።

አንድ ክረምት እህቴ ኸዲጃ በደሳ ቤታችን ምጥ ይዟት አደረ። የጤና ጣቢያው ነርስ፣ ልጁ በእግሩ ነው የሚመጣው፣ ጭሮ ሆስፒታል ካልደረሰች ሁለቱም አይተርፉም አለን። ተልኮባቸው ከጭሮ የመጡት አዴራ ሲደርሱ ልብሳቸው ጭቃ በጭቃ ነበር። ለካ የበደሳ ዳገት ላይ የጫት መኪኖች የተዉትን ድንጋይ ሁሉ፣ ሚኒባሱን አስቁመው ሲያነሱ ነው የቆዩት። የተገለገሉበትን መንገድ ላይ ስለመተው ሊጀምሩ ሲሉ እናቴ በዓይኗ ዝም አሰኘቻቸው።

የተገኘው መኪና ጫት የጫነ ፒክአፕ ብቻ ነበር። ሾፌሩ ጫቱ ይጠወልግብኛል ሳይል ኸዲጃንና እናቴን ጋቢና አስገባ፤ እኔና አዴራ ከረዳቱ ጋር ጆንያው ላይ ወጣን። ዝናብ የመታው ጫት ይሸተኛል። ከጋቢናው የኸዲጃ ጩኸት ይሰማል።

ዳገቱ ወገብ ላይ ሞተሩ ጠፋ። ፍሬኑ ጭቃው ላይ አልይዝ ብሎ መኪናው ወደ ኋላ ይንሸራተት ጀመር፤ ከኋላችን ገደል ነው። ረዳቱ ዘሎ ወርዶ የእንጨት ታኮውን ጎማው ሥር ሸጎጠ፣ ጭቃው ዋጠው። ድንጋይ አምጡ እያለ ጮኸ። ድንጋይ ከየት ይምጣ? ጠዋት አዴራ አንድ ሳያስቀሩ ጠርገውታል።

አዴራ በዚያ ዕድሜያቸው ከጆንያው ላይ ዘለው ወደ ቦዩ ሮጡ፤ የት እንደጣሏቸው ያውቃሉ። ትልቁን ደረታቸው ላይ አቅፈው አምጥተው ጎማው ሥር ጣሉት። እኔም ሌላ ይዤ ተከተልኩ። መኪናው ተንገራግጮ ቆመ። ያን ጊዜ ነው የኸዲጃ ድምፅ እንደጠፋ ያስተዋልኩት። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ሞተሩ ሲነሳ ሾፌሩ፣ አንዴ ከተንቀሳቀስኩ ዳገቱ ላይ አልቆምም፣ ቶሎ ውጡ አለ። ረዳቱ እኔን ጎትቶ አወጣኝ። አዴራ ግን ድንጋዮቹ ዘንድ ቆመው ቀሩ።

«አዴራ፣ ይውጡ እንጂ! ትሞትብናለች እኮ» አልኳቸው።

«ዴማ፣ ሂዱ» አሉኝ በኦሮምኛም በአማርኛም። «ከኋላ የሚመጣውም የሰው ልጅ ጭኗል።»

ዞር ብዬ ሳይ በዝናቡ ውስጥ ጎንበስ ብለው ትልቁን ድንጋይ ወደ ዳር እየገፉ ነበር።

ኸዲጃ ተረፈች፤ ልጇም ተረፈ። አዴራ ያገኙት መኪና ላይ ተንጠላጥለው ሆስፒታሉ የደረሱት አመሻሽ ላይ ነው። አሁንማ የማያባራ ትምህርት መጣብን ብዬ ጠበቅኩ። «አልሐምዱሊላህ» ብለው ግድግዳውን ተደግፈው አለቀሱ። ስለዚያ ቀን ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላነሱም።

ዛሬ እሳቸው በሕይወት የሉም። ልጆቼ ምን አስተማሩሽ ሲሉኝ ከተናገሩት ሁሉ አንዱንም አስተካክዬ መድገም ያቅተኛል። የወንድማቸው ልጅ በሞትና በሕይወት መካከል ሳለች፣ ለማያውቁት መንገደኛ ብለው ዳገት ላይ የቀሩ ሰው ነበሩ እላቸዋለሁ። እኔ ብሆን ተሳፍሬ እሄድ ነበር። ዛሬም ቢሆን የምሄድ ይመስለኛል።