የገብርኤል ዕለት የተቀበሩት አሥር አለቃ

ኅዳር 13 ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ኮልፌ ውስጥ ባለ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ የልጅነት ጎረቤቴ እማማ በአንድ የወታደር መቃብር መስቀል ላይ ባንዲራ አሰሩ። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ፈቱት።

ቤተ ክርስቲያኑ ጠያቂ የሌላቸው መቃብሮች በወሩ መጨረሻ ተነሥተው አጽማቸው አንድ ጉድጓድ እንደሚገባ ማስታወቂያ ለጥፏል። አሥር አለቃው እማማ ቤት ተከራይተው የኖሩ፣ ዘመድ ያልነበራቸው ሰው ናቸው። ከሞቱ ሠላሳ ዓመት አልፏል።

«እኔ ካልጠየቅኋቸው ማን ይጠይቃቸዋል?» ብለው እማማ ይዘውኝ ሄዱ። ጋዜጠኛ ስለሆንኩ ማጣራት አያቅተውም ብለው ነው።

ያገኘነው ግን ሁለት መቃብር ነው። ሁለቱም ላይ ፀሐይ ያነጣው የባለ መለዮ ሰው ፎቶ አለ። ሁለቱም ላይ የተጻፈው የክርስትና ስም ብቻ ነው። የአሥር አለቃውን የክርስትና ስም የሚያውቁት የንስሐ አባታቸው ነበሩ፤ እሳቸውም አርፈዋል። ዓመቱ አንድ ነው። አንዱ ታኅሣሥ 19 ይላል፣ ሌላው ሐምሌ 19።

«የገብርኤል ዕለት ነው የተቀበሩት። እሱን አልረሳም» አሉ እማማ።

«የትኛው ገብርኤል?»

«የሚነግሠው ነዋ።»

«ሁለቱም ይነግሣል» አሉ አብረውን የመጡት የእድሩ ጸሐፊ። «ታኅሣሥ ነው። አቧራው ትዝ ይለኛል።»

«አንተ ደግሞ! ያን ቀን ጠጅ ቤት አልነበርክም?»

እኔም ቀብሩ ላይ ነበርኩ። ጫማዬ በጭቃ እንደተለወሰ አስታውሳለሁ። የዚያ ቀብር ጭቃ ይሁን የሌላ፣ አላውቅም። ሌላ ሰው እንዲህ ብሎ ቢነግረኝ አልጽፈውም ነበር።

አስተዳዳሪው ቄስ አንድ ሰው ጠያቂ ሆኖ የሚፈርመው ለአንድ መቃብር ብቻ ነው አሉ። እማማ ባንዲራውን አጣጥፈው በሁለቱ መቃብሮች መካከል ተቀመጡ። እኔና ጸሐፊው በታክሲ አየር ጤና፣ የእድሩ አሮጌ መዝገብ ወዳለበት ቤታቸው ሄድን።

እድሩ ዕቃ ሲመለስለት ሁኔታውን ይጽፋል። በአሥር አለቃው ስም ሥር «ገብርኤል» ይላል፤ ወሩ የለም። ከሥሩ በሌላ ቀለም፦ «ድንኳኑ እርጥብ ተመልሷል። ፀሐይ ሲወጣ ይሰጣ።»

ጸሐፊው መስመሩን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ለእማማ ደወልኩ።

ሰባት ሰዓት ላይ እማማ ለሐምሌው መቃብር ፈረሙ።