የሳሎኔ ፏፏቴ

የድሬ ሙቀት ቢያስመርረኝ ሳሎኔን በዘዴ ላቀዘቅዝ አሰብኩ። ግድግዳው ላይ የጫካ ሥዕል ለጠፍኩ፤ እዚሁ ድሬ ካለው ታይዋን ገበያ ደግሞ የራሱን ውሃ የሚያሽከረክር ትንሽ የኤሌክትሪክ ፏፏቴ ገዛሁ። ድምፁ አንጀት ያርሳል!

ገና እንደሰካሁት ጎረቤቴ ሁለት ጀሪካን ይዛ ዘው አለች። የግቢያችን ቧንቧ ከደረቀ ሳምንት ሆኖት ነበር።

«አቦ፣ ውሃ መጥቶ ዝም ትያለሽ?»

«ጌጥ ነው» አልኳት።

«ወላሂ፣ እኛ የምንጠጣው አጥተን አንቺ ጆሮሽን ታጠጫለሽ!» አለችና ለሰፈሩ ሁሉ አዳረሰችው።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ሁሉም ጋደም እንዳለ የውሃ ድምፅ ተሰማ። «የሷ ጌጥ ነው» ብሎ ማንም አልተነሳም። እኔም ሶፋዬ ላይ ተዘርሬ ዓይኔን ጨፍኜ በደስታ አዳመጥኩ። ድምፁ ሲቆም ተነስቼ አየሁ። ፏፏቴው ከነጭራሹ አልተሰካም፤ ክፍት የቀረው የግቢያችን ቧንቧ ሥር ግን ጭቃ ሆኗል።