ባሕር ፈሪው የሞተር ሐኪም

ሱኩማራን ባሕር ይፈራል። ይህን የምለው ላሳጣው አይደለም፤ እሱ ራሱ አይደብቀውም። በእኛ በሕንድ፣ በደቡብ ኬረላ ዳርቻ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የጀልባ ሞተር ሲጠግን ኖሮ፣ ውኃው ከቁርጭምጭሚቱ በላይ አልፎ አያውቅም። ሞተር የሚሞክረው ከዳሱ አጠገብ ባቆመው በርሜል ውኃ ውስጥ ነው። የጎማ ዛፍ ከሚበዛበት ከተራራው አገር የመጣ ሰው ነው፤ ዋና አይችልም፣ ልማር ብሎም አያውቅም። እጁ የተባረከ ስለሆነ ሁላችንም «አሻን» ብለን እንጠራዋለን፤ ጌታው፣ መምህሩ እንደማለት ነው። ከኋላው ግን «የበርሜሉ ካፒቴን» እንለዋለን። እኔማ ፊት ለፊትም ብየዋለሁ።

«አሻን፣ ዛሬ በርሜሉ ማዕበል አለው?» ስለው፣

«ሎሬንስ፣ አንተ መጀመሪያ ጀሪካንህን እጠብ» ይለኛል። «ከሞተርህ ያወጣሁት አሸዋ ቤት ይሠራል።»

ሞተሮቻችን አሮጌ ናቸው። በቤንዚን ተነስተው በላምባ ይሄዳሉ፤ ላምባው በፈቃድ በርካሽ ስለሚታደለን ነው። ስለዚህ ትንሽ የቤንዚን ዕቃና ትልቅ የላምባ ጀሪካን ይዘን እንወጣለን። ሕጉ አንድ ነው፦ ሞተሩን ከማጥፋትህ በፊት ወደ ቤንዚን መልሰው። ካልመለስከው ካርቡሬተሩ ውስጥ ላምባ ይቀራል፤ የቀዘቀዘ ሞተር ደግሞ በላምባ አይነሳም። ሱኩማራን ይህንን ሲነግረን ጸጉሩ ሸበተ። እኛም ሺህ ጊዜ ሰምተን ቤንዚን ለመቆጠብ ስንል ሺህ ጊዜ እንረሳለን።

ሥራውን ሲሠራ ማየት ደስ ይላል። ከካርቡሬተሩ ሥር ያለችውን ብሎን ፈትቶ ነዳጁን መዳፉ ላይ ያንጠባጥባል። ቀዝቅዞት ወዲያው ከጠፋ ቤንዚን ነው። ቅባቱ ከቀረ ላምባ ነው። ጠብታው ድቡልቡል ሆኖ መዳፉ ላይ ከተንከባለለ ደግሞ ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ቀና ብሎ ያይሃል፣ አንተም መሬት መሬት ታያለህ። ሌላው መካኒክ ሞተሩን በታትኖ ሲያበቃ የሚያገኘውን እሱ ገና ሳይፈታ ያውቀዋል።

ያን ዕለት የክረምቱ ዝናብ ከገባ ሁለተኛ ሳምንቱ ነበር። ደህና ሞተር ያላቸው ሁሉ ጀልባቸውን ወደ ትልቁ ወደብ ወስደዋል፤ ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። በዳርቻው የቀረነው እኔና ታናሽ ወንድሜ ዊልፍሬድ ነን፤ እኔ ሞተሬ እየጠፋ ስላስቸገረኝ፣ እሱ ግትር ስለሆነ። እሱ ጎህ ሲቀድ ከአንድ ባልደረባው ጋር ወጣ። ቀትር ላይ ስልኬ ጮኸ።

«ወንድም ጋሼ፣ አልነሳ አለኝ» አለ ዊልፍሬድ። ንፋሱ ድምፁን ይበላዋል። «መረብ ስስብ አጠፋሁት።»

«በላምባ?»

«ነገሩ…» ብሎ ጀመረ።

«በላምባ ነው ያጠፋኸው አንተ አህያ?»

«ቤንዚኑ ትንሽ ነበር፣ ልቆጥብ ብዬ… አሁን ለማስነሳት ስሞክር እሱንም ጨረስኩት። የመልሕቁ ገመድ ተበጥሷል። ወደ ድንጋዩ እየወሰደን ነው።»

ድንጋዩ ያለው ማዕበል እንዲገታ ባሕሩ ውስጥ የተከመረውን ትልልቅ ቋጥኝ ነው። በክረምት እዚያ የተመታ ጀልባ ሳንቃው እንኳ ተሰብስቦ አይገኝም። ምናልባት አንድ ሰዓት ቢቆዩ ነው። የዊልፍሬድ ሚስት ፍሎራ አጠገቤ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። አላለቀሰችም። ሮጣ ሱኩማራንን ይዛው መጣች፤ ምሳውን እንኳ አልጨረሰም፣ እጁ ላይ ሩዝ ነበረ።

ጀልባዬ ዳርቻው ላይ እንዳለች ሞተሬን አስነሳሁት። ሦስት ደቂቃ እንደሠራ ድምፁ ቀጠነና መሞት ጀመረ። ከጀሪካኑ ወደ ሞተሩ በሚሄደው ቱቦ መሀል ማንጎ የምታህል የጎማ ፓምፕ አለች፤ ሞተር ከመነሳቱ በፊት በእጅ እየተጨመቀች ነዳጁን የምትገፋ። ሱኩማራን እሷን ይዞ ዓይኑን ጨፈነ።

«ወደ ውስጥ አልተጨፈለቀችም። ስለዚህ ጀሪካኑ አየር ያገኛል፣ ቱቦውም አልተዘጋም» አለ። ከዚያ ጨመቃት። ሞተሩ ነፍስ ዘራ። ተዋት፤ ሞተሩ ሊሞት ሆነ። እንደገና ጨመቃት፤ ተነሳ። «የነዳጅ ፓምፑ ስስ ላስቲክ ተቀዷል። ራሱ መሳብ አይችልም።»

«ቀይረዋ!» አልኩት።

«በምን? ዛሬ አድማ ነው። በከተማው የተከፈተ ሱቅ የለም።»

«ጀሪካኑን ከፍ አድርገን ብንሰቅለውስ? በራሱ ይወርዳል።»

«በዚህ ማዕበል? አናትህ ላይ ነው የሚወርድልህ።»

አብሮኝ የሚያጠምደው ጄሮን፣ የበሬ ጉልበት ያለው ሰው፣ «እኔ እጨምቃለሁ፣ ምን ችግር አለው!» ብሎ ያዛት። ሁለት ጊዜ ሲጨምቃት ሞተሩ ጥቁር ጭስ ተፍቶ ታፈነና ጠፋ።

«ላም እያለብክ ነው እንዴ?» ሱኩማራን ጮኸ። «ካበዛህበት ይሰጥማል፣ ካሳነስክበት ይራባል! ድምፁን እየሰማህ ነው እንጂ!» ካንዴላዎቹን ፈትቶ በሸሚዙ አደረቃቸው፤ ጄሮን እንደገና ሞከረ፤ ሞተሩ እንደገና ታፈነ።

ሱኩማራን ካንዴላዎቹን እያጠበቀ ባሕሩን ቀና ብሎ አየ። ዳርቻው ላይ የሚፈርሰው ማዕበል ከሰው ቁመት ይበልጣል። የሽርጡን ጠርዝ ይዞ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሲል አየሁት። ፍሎራ ና አላለችውም። ማናችንም አላልነውም፤ እንዴት ብለን?

«ደግፉኝ» አለ።

አንስተን ጀልባው ውስጥ አስቀመጥነው። ወገቡን ከመቀመጫው ጋር በገመድ አሰርኩት። ቀኝ እጁን ፓምፗ ላይ አደረገ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ «ባገዋቲ እናቴ» ብሎ አምላኩን ጠራ፤ እኛ ደግሞ ማርያምን ጠርተን ገፋን።

ባሕር ላይ የተወለድኩ ሰው ነኝ። ሃያ ስድስት ክረምት አሳልፌያለሁ፤ እንደዚያ ያለ ነገር ግን አላየሁም። እኔ መሪውን ይዣለሁ፣ ጄሮን ጀልባዋ ውስጥ የገባውን ውኃ ቀድቶ ያፈሳል፣ ሱኩማራን ይጨምቃል። ጀልባዋ ማዕበሉን ስትወጣ ሞተሩ ያቃስታል፤ እሱ ፈጠን ይላል። ስትወርድ ሞተሩ ይቀለዋል፤ እሱ ይታገሣል። ድምፁ ሊለወጥ ሲል እጁ ይቀድመዋል፤ እኔ ጆሮዬን አቅንቼ እንኳ ገና አልሰማሁትም። አስታወከ። ምሳው በደረቱ ላይ ወረደ፤ እጁ ግን አላቋረጠም። አልቅስ አልቅስ አለኝ። ያ እጅ ባይኖር ሞተሩ የሞተ ብረት ነበር፣ ሌላ ምንም አልነበረም። እግዚአብሔር ልብን ሲሠራ እንዲህ አስቦ ይሆናል አልኩ በልቤ፣ ስድብ ከሆነም ይቅር ይበለኝ።

ወንድሜን ስናገኘው ድንጋዩ ከኋላው ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው። የማዕበሉ ጩኸት ጆሮ ያደነቁራል። ጄሮን ገመድ ወረወረ፤ አልደረሰም። ሁለተኛ ወረወረ፤ ዊልፍሬድ ያዘው። ገመዱ ሲወጠር ሞተራችን ጮኾ መንፈራገጥ ጀመረ፤ ሁለት ጀልባ መጎተት ሆነበታ። ወደ ፊት አንሄድም፣ ወደ ኋላም አንመለስም። ያን ጊዜ ብቻ ሱኩማራን ዓይኑን ገለጠ። ድንጋዩን አየው፣ ወንድሜን አየው።

«ነዳጁን ክፈተው፣ እስከ መጨረሻው» አለኝ። «አትፍራ፣ እኔ አጠጣዋለሁ።»

ከፈትኩት። የእጁ ጅማት እንደ ገመድ ተገተረ። ሞተሩ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቼው በማላውቀው ሙሉ ድምፅ አገሳ፤ ቀስ እያልን፣ አንድ ክንድ፣ ሁለት ክንድ፣ ከድንጋዩ ራቅን። ወደ ዳርቻ ስንመለስ አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀብን። ጄሮን «አሻን፣ ልተካህ» ቢለው ራሱን ነቅንቆ እምቢ አለ።

ዳርቻ ስንደርስ ሞተሩን አጠፋሁ፤ የሱኩማራን እጅ ግን አልቆመም። ቱቦውን ፈትቼ እሱን ፓምፗን እንደጨበጠ ይዘነው ወረድን። አሸዋው ላይ ተቀመጠ፤ ጣቶቹ ደርቀው አልፈታ አሉ። ሰዉ ከበበው። የበርሜሉ ካፒቴን ከምንለው መሀል ብዙዎቻችን እዚያ ነበርን፤ እኔ አፈርኩ።

ዊልፍሬድ ከፊቱ ተንበረከከ። ፍሎራ የሞቀ የኮኮናት ዘይት አምጥታ የሱኩማራን እጅ ላይ አፈሰሰች፤ ወንድሜ እያሸ ጣቶቹን አንድ በአንድ ማላቀቅ ጀመረ። አንዷን ጎትቶ አሳመመው መሰለኝ።

«ቀስ በል እንጂ!» አለው ሱኩማራን። «ነገ ያንተን ሞተር የምፈታው በዚሁ እጅ ነው።»

ወንድሜ የመጨረሻዋን ጣት አላቀቀ፤ መዳፉን በሁለት እጁ ይዞ ግንባሩን አሳረፈበት።