እናቴን ኢንሹራንስ ሳስገባ

ከአዲስ አበባ የወጣሁ ሌሊት እናቴ አላለቀሰችም። ቦሌ በር ላይ ነጠላዬን አስተካከለችልኝና «ከእንግዲህ በሕይወት አታገኚኝም» አለችኝ። እንደ እሷ አባባል ጉልበቷም ወገቧም አልቆ ነበር። ያን ካለች ዓመታት አለፉ፤ ዛሬም ማለዳ ለኪዳን ትገሰግሳለች። እግዚአብሔር ይመስገን።

እኔም ቶሮንቶ ገባሁ። ፍሌሚንግደን ፓርክ ካሉት ረጃጅም ፎቆች በአንዱ ተከራየሁ፤ አገባሁ፤ ሴት ልጅ ወለድኩ። በረዶውን ለመድኩት። ጎረቤቴ ሊፍት ውስጥ «ሃው አር ዩ» ብሎኝ መልሴን ሳይሰማ መውረዱን ግን አልለመድኩትም። እኛ አገር ጤና ተጠይቆ እስኪያልቅ አውቶቡስ ያመልጣል።

ልጄ አያቷን የምታውቃት በስልክ ብቻ ነው። ስለዚህ እናቴን ላስመጣ ተነሣሁ። ቪዛው የአንድ ዓመት የሕክምና ኢንሹራንስ ይጠይቃል፤ ያለ እሱ አትመጣም። አንድ ዐርብ ጠዋት ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ሰፈራችን ወዳለው የኢንሹራንስ ወኪል፣ ወደ ሚስተር ፓቴል፣ ሄድኩ።

ሦስት ዓይነት ፕላን አስረዳኝ። እናት ልታስመጡ ለምታስቡ ይጠቅም ይሆናል። አንደኛው ርካሽ ነው፤ ድንገተኛ በሽታ እንጂ ከአገር ቤት ይዘውት የመጡትን ሕመም አይመለከትም። ሁለተኛው የቆየውንም ይሸፍናል፤ ግን መድኃኒቱ ለስድስት ወር ያልተለወጠ መሆን አለበት። ሦስተኛው እንደ ሁለተኛው ሆኖ ዋጋው ቀለል ይላል፤ ነገር ግን የሕክምናውን የመጀመሪያ ክፍያ ራስሽ ትከፍያለሽ፤ ሐኪም ቤት ከመሄድሽም በፊት ለኢንሹራንሱ ደውለሽ እነሱ ወደመረጡት ክሊኒክ ነው የምትሄጂው።

«ራሷን ስታ ብትወድቅስ ማን ይደውላል?» አልኩት።

«ስትነቃ ትደውላለች» አለኝ። ፈገግ እንኳ አላለም።

ለመምረጥ የእናቴን ጤና ማወቅ ነበረበት። ደወልንላት፤ እኔ አስተረጉማለሁ።

«ጤናሽ እንዴት ነው ይላል፣ እማዬ።»

«ምን ጤና አለ ልጄ! አለቅሁ እኮ። ጉልበቴ የለ፣ ወገቤ የለ። ራሴን ይፈልጠኛል፤ እህልም አልቀምስ።»

መዋሸት ኃጢአት ነው፤ እንዳለችው ተረጎምኩ። እሱ ይጽፋል።

«ትንፋሽ ያጥራታል?»

«ትንፋሽማ ካለቀ ቆየ።»

«ሆስፒታል ተኝታ ታውቃለች?»

«ሆስፒታል ምን ያደርግልኛል? እኔን የምትጠብቀኝ መሬት ናት።»

ሚስተር ፓቴል ብዕሩን አስቀመጠ። «አዝናለሁ እመቤት፤ ይህን ያህል የታመመ ሰው የሚቀበል ፕላን የለኝም።»

ደነገጥኩ። «አልታመመችም! እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ጤነኛ ነኝ አይልም። ነውር ነው፤ የሰው ዓይንም ያርፍበታል።»

«ታዲያ ስትታመም በምን ይታወቃል?»

«ሲታመሙማ ዝም ነው የሚሉት።»

ብዕሩን መልሶ አነሣ። «የእኔም እናት እንዲሁ ናት» አለኝ። «ጤናዋን ተዪው፤ ዛሬ ምን ስትሠራ እንደዋለች ጠይቂልኝ።»

«ምን እሠራለሁ ልጄ፣ ተቀምጬ» አለች እናቴ። «ኪዳን አድርሼ፣ ኮተቤ ለልቅሶ በእግሬ ደርሼ፣ ተመልሼ በርበሬ ስቀነጥስ ዋልሁ።»

ሚስተር ፓቴል የጻፈውን ሰረዘ። የቀረው እኔ የነገርኩት የደም ግፊቷ ብቻ ሆነ። መድኃኒቱ ካልተለወጠ ሁለተኛው ፕላን ይሆናታል አለ።

«ባለፈው ወር ዶክተሩ ጨመረልኝ» አለች።

በርካሹ ወዲያው መምጣት ትችላለች፤ ግፊቷ ቢነሣ ግን ማንም አይሸፍንላትም። በሁለተኛው ስድስት ወር ሳይለወጥባት መቆየት አለባት። ይህንኑ ነገርኳት።

«እንግዲያ መድኃኒቱን ልተወው?»

«እንዳትሞክሪው!» አልኳት። ስተረጉምለት እሱም በእንግሊዝኛ ጮኸ።

መጠበቁን መረጥኩ። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ እደውላለሁ። «አለቅሁ» ስትለኝ «ተመስገን» ብዬ እተኛለሁ።

አሁን ስድስቱ ወር ሊሞላ ጥቂት ቀርቷል። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ እንደወጣሁ ደወልኩላት።

«እንዴት ነሽ እማዬ?»

«ደህና ነኝ።»

«ጉልበትሽስ?»

«ደህና ነው። ወገቤም ደህና ነው። መድኃኒቱንም አልለወጡብኝ፤ ለሰውዬው ንገሪው።»

ስልኩን ዘጋሁ። ወዲያው ለጎረቤቷ ለእትዬ አስካለ ደወልኩ። አላነሡም። ደግሜ ደወልኩ።