ያልዞርኩለት ስም

ሰው መግደል የተማርኩት ዐረብ አገር፣ አል ባርሻ፣ በአሠሪዬ በማዳሜ ሳሎን ውስጥ፣ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ የምሳው ዕቃ ገና ሳይታጠብ፣ ሽርጤን እንኳ ሳልፈታ።

ማዳሜ እርጉዝ ነበረች። ኡድ ሜታ ሰፈር ያለው ሐኪሟ እስክትወልድ ድረስ ከመተኛትና ከመቀመጥ ሌላ ምንም እንዳታደርግ አስጠንቅቋታል። እሷ ደግሞ አንድ ቦታ አርፋ መቀመጥ የማይሆንላት ሴት ናት። የመጀመሪያውን ሳምንት ስልክ በማውራት ጨረሰችው፤ ሁለተኛውን እኔን በመጨቅጨቅ። በሦስተኛው ከዕቃ ቤት አንድ ካርቶን አስወጣችኝ። ውስጡ በልጅነቷ ከወንድሟ ጋር ትጫወተው የነበረ የቆየ የቪዲዮ ጌም አለ። አቧራውን ጠርጌ፣ እሷ ከሶፋው ላይ በጣቷ እየጠቆመች፣ ገመዶቹን አንድ በአንድ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘሁላት።

የእኔ ሐሳብ ግን በዚያ ሰሞን ሌላ ቦታ ነበር። ልጄ ልትመጣ ነው። የሦስት ዓመት ሕፃን ሆና እናቴ ጋር ጥያት የወጣሁት ልጅ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቷት፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ፣ በጉብኝት ቪዛ ለአንድ ወር ልትመጣልኝ ነው። በመሃሉ ሁለት ጊዜ አገር ቤት ገብቼ አይቻታለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ከእናቴ ጀርባ ሆና እንደ እንግዳ ስታየኝ ከርማ፣ ልትለምደኝ ስትል ፈቃዴ አለቀ። እናቴን "እማዬ" ነበር የምትላት። እኔን በስልክ ምንም አትለኝም። "ሄሎ" ትላለች፣ "ደህና ነሽ?" ትላለች፣ "እሺ ቻው" ትላለች፣ በቃ። እናቴ ስታርፍ ያ ቃል ወደ እኔ ይመጣ ይሆናል ብዬ በሆዴ ጠብቄ ነበር፤ በእናቴ ሞት እንዲህ ማሰቤ ዛሬም ያሳፍረኛል። አልመጣም። እናም ፊት ለፊት ስንገናኝ ምን ትለኝ ይሆን እያልኩ ሽንኩርት ስከትፍ እውላለሁ። ከዚህ ሌላ ጭንቀት አልነበረኝም።

ጌሙ ኮሚክ እንደሚሉት የሥዕል መጽሐፍ ሆኖ የተሠራ ነው። ሰዉም ዛፉም መኪናውም በወፍራም ጥቁር መስመር ተከቧል። ሰው ተመትቶ ሲወድቅ ስክሪኑ ጥግ ላይ ትንንሽ ሣጥኖች እየተከፈቱ አወዳደቁን በየደረጃው ያሳያሉ። ድምፅ ሁሉ ይጻፋል፤ ከግድግዳ ወዲያ ሰው ሲራመድ የኮቴው ድምፅ በፊደል ሆኖ አየር ላይ ይታያል። የምትጫወቱበትን ሰውዬ ፊቱን አታዩትም። የምታዩት ሁለት እጁንና ጠመንጃውን ብቻ ነው። ይሄ አልገረመኝም፤ እኔም ቀኑን ሙሉ የማየው ሁለት እጄንና የያዝኩትን ዕቃ ነው።

ታሪኩን ማዳሜ ነገረችኝ። ሰውዬው በረዶ የሞላበት ባቡር ጣቢያ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ይነቃል። ማን እንደሆነ አያውቅም። ኪሱ ውስጥ መታወቂያ ያገኛል። በመንገዱ የሚያገኘው ሰው ሁሉ በዚያ መታወቂያ ስም ይጠራዋል፤ ግማሹ ያቅፈዋል፣ ግማሹ ይተኩስበታል። ሚኒስትር ገድለሃል ይሉታል። በኋላ ነገሩ ሴራ ሆኖ ይገኛል። መታወቂያው የሌላ ሰው ነው። ፖሊሱም ያውቃል፣ የሚኒስትሩ የገዛ ወንድምም ያውቃል። የማያውቀው እሱ ብቻ ነው።

"ሞኝ ነው" አልኳት።

"ሞኝ አይደለም። ትዝታው ጠፍቶበት ነው።"

"ያው ነው።"

አንድ ቀን ወደ መታጠቢያ ቤት ልትሄድ ስትነሳ መጫወቻውን እጄ ላይ ጣለችው። "ያዢልኝ፣ እንዳይገድሉብኝ" ብላኝ ሄደች። ወዲያው አንድ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው በር ከፍቶ ገባ። ያገኘሁትን ሁሉ ተጫንኩ። ስትመለስ ሰውዬው መሬት ላይ ተዘርሯል፤ ሣጥኖቹም ተከፍተዋል።

"ዋላሂ፣ ሐኪሙን ገደልሽው! በዓለም ላይ ያለው አንድ ወዳጁ እሱ ነበር!"

"ሳያንኳኳ ሲገባ ምን ላድርግ?"

ከዚያ በኋላ ምሳ በተበላ ቁጥር "ያላ፣ ነይ" ሆነ። "ሹግሉስ፣ ሥራውስ?" ስላት "ኸላስ፣ በቃ፣ ነገ ትሠሪዋለሽ" ትላለች። በሁለት ሳምንት በለጥኳት። አልዋሽም፣ ደስ ብሎኛል። እዚያ ቤት በምንም ነገር በልጬ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ጌሙ ውስጥ አንድ ድልድይ ላይ ደረስን። ድልድዩ ረጅም ነው፣ ጉም አለበት፣ ጠላት ከፊት ነው። ዓይኔን ከፊት ሳልነቅል እየተኮስኩ ስሄድ ከኋላ አንዲት ሴት ስም መጥራት ጀመረች። ፊደሎቹ በስክሪኑ ጠርዝ ብቅ ብለው ጠፉ። ደግማ ጠራች። ሦስተኛም ጠራች። ሌላ ሰው የምትጠራ መስሎኝ መንገዴን ቀጠልኩ። ተኩስ ተሰማ፣ ሣጥኖቹ ተከፈቱ። በመጀመሪያው ሴትዮዋ ቆማለች፣ በሁለተኛው ተንበርክካለች፣ በሦስተኛው ጫማዋ ብቻ ይታያል። ጨዋታው ቆመና ከድልድዩ ጫፍ እንደ አዲስ ጀመረ።

"አንቺን እኮ ነው የጠራችሽ!" አለች ማዳሜ ሆዷን ይዛ እየሳቀች። "እህቱ ናት። የጠራችው እውነተኛ ስሙን ነው።"

"ታዲያ ስሙን ሲጠሩት አይዞርም?"

"ረስቶታል።"

እውነት ለመናገር ተናደድኩ። መጫወቻውን ሶፋው ላይ ወረወርኩት። "ይሄን የሠራው ሰው ውሸታም ነው። ሰው አገሩን ይረሳል፣ ሚስቱንም ይረሳ ይሆናል። እናቱ የጠራችውን ስም ግን አይረሳም። ውሻ እንኳ ሲጠሩት ይዞራል!"

"ሙሽኪላ የለም፣ ጨዋታ ነው" አለችና በስሜ ጠራችኝ። "ሻይ አፍዪልኝ።"

"አቤት፣ እሺ" ብዬ ተነሳሁ። የጠራችኝ በፓስፖርቴ ስም ነው።

የፓስፖርቴ ስም የእኔ አይደለም። ያኔ ከአገር ያስወጣኝ ደላላ ፓስፖርቱን አምጥቶ ሲሰጠኝ ከፍቼ አየሁና "ይሄ የእኔ አይደለም" አልኩት። ለዐረብ አፍ የሚቀል ስም ተጽፎበታል፤ ሃያ አንድ ዓመቴ ሃያ ስድስት ተደርጓል። "ፎቶው ያንቺ አይደለም?" አለኝ። ፎቶው የእኔ ነው። "ታዲያ ምን ቀረሽ?" አለ። ደላላው ያውቃል፣ ወረቀቱን የጻፈው ያውቃል፣ ይዞኝ የዞረው አጎቴም ያውቅ ኖሯል። የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ቢሆንም እንደ ሥራ ልብስ ቆጠርኩት፤ ስመለስ አወልቀዋለሁ አልኩ። እዚህ ያሉት ጓደኞቼ ሁሉ የሚያውቁኝ በዚያው ስም ነው። ቤተ ክርስቲያን የምሰጠው የክርስትና ስሜን ነው። አገር ቤት እህቴ "እትዬ" ትለኛለች። እናቴ ባወጣችልኝ ስም የምትጠራኝ ራሷ እናቴ ብቻ ነበረች፤ እሷ ካረፈች ደግሞ ሰባት ዓመት ሆኗታል።

የልጄን ቪዛ ያስጨረሰልኝ የማዳሜ ባል ነው። ዝምድና የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ። የልጄ የልደት ወረቀት ላይ እናት ተብሎ የተጻፈው ትክክለኛው ስሜ ነው፤ የእኔ ፓስፖርት ደግሞ ሌላ ይላል። "በወረቀት ልጅሽ አይደለችም። ጓደኛ ልበል?" አለኝ። ሁለት ቀን ያማጥኳትን ልጅ ጓደኛ በል አልኩት። ያን ዕለት ማታ እንኳ ጌሙንና ራሴን አላገናኘሁም።

ቅዳሜ ከሰዓት ማዳሜ ለቀቀችኝ። በሜትሮም በአውቶቡስም ብዬ ሻርጃ አውሮፕላን ማረፊያ የደረስኩት በረራው ሊያርፍ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ነው። እንግዳ መቀበያው ብረት ላይ ተደግፌ ቆምኩ። ከጎኔም ከኋላዬም ሰው ሞልቷል፤ የሚበዛው ሴት ነው፤ ሐበሻው፣ ሕንዱ፣ ፊሊፒኑ። ከአዲስ አበባ የመጡት መውጣት ሲጀምሩ ከኋላችን አንድ ሕፃን "ማማ!" ብሎ ጮኸ። በዚያ የቆመ ሴት ሁሉ አንድ ላይ ዞረ። እኔም ዞርኩ። እርስ በርስ ተያይተን ሳቅን።

ተመልሼ ዓይኔን በሩ ላይ ተከልኩ። አንድ ትልቅ ቤተሰብ በስድስት ጋሪ ሻንጣ እየገፋ መውጫውን ዘጋው፤ ከእነሱ ወዲያ ማን እንዳለ አይታይም። በእግሬ ጣት ቆሜ አንገቴን ሰገግ አደረግኩ። ያን ጊዜ ከኋላዬ አንዲት ልጅ በአማርኛ ለዛ ስም መጥራት ጀመረች። የምትጠራት ሴት አልመለሰችም። ደግማ ጠራች። ምን ያለችው ደንቆሮ ናት ልጅቷን የምታስጮኻት አልኩ በሆዴ። ሦስተኛው ጥሪ ቀስ ያለ ነበር፤ ልጅቷ ያፈረች መሰለኝ። አላስችል አለኝ። ዓይኔን ከበሩ ሳልነቅል ጮክ ብዬ፣

"ኧረ አቤት በያት!" አልኩ።

ከዚያ ልጅቷ፣

"ይቅርታ እትዬ፣ ሰው መስለውኝ ነው" አለች። የሻንጣ ጎማ ሲንቀሳቀስ ሰማሁ።

"እትዬ" ስትል ነው የዞርኩት።

ልጄ ናት። በስልክ ከማውቃት ትረዝማለች፤ ፀጉሯን ተሠርታለች፤ ሻንጣዋን ይዛ ልትሄድ አንድ እግሯን አንሥታለች። ስታየኝ እግሯን መለሰችው።

ደነገጥኩ ብል አይገልጸውም። ሦስቱም ጥሪ ያን ጊዜ ነው የደረሰኝ፣ ዘግይቶ፣ በአንድ ላይ። ስሜን ነበር የጠራችው። እናቴ የስሜን መጨረሻ ትጎትተው ነበር፤ እሷም ከአያቷ አፍ እንደሰማችው ጎትታ ነው የጠራችኝ። የሚጠራው ስም የእኔ ሆኖ ሌላ ሴት ስሰድብ ነበር። ጌሙ ቢሆን ከድልድዩ ጫፍ ይመልሰኛል። እዚያ የሚመልሰኝ አልነበረም። ተቃቀፍን፣ አለቀስን፣ እኔም ወዲያው መዋሸት ጀመርኩ።

"ጫጫታው ነው፣ አልሰማሁሽም እኮ።"

"ሰምተሽኛል" አለች ደረቴ ላይ እንዳለች። "አቤት በያት ብለሻል።"

አጅማን ጓደኛዬ የምትኖርበት ክፍል ውስጥ ቢድ ስፔስ ይዤላታለሁ፤ አንዲት አልጋና መጋረጃ። ታክሲ ውስጥ ሁሉንም ነገርኳት፤ ደላላውን፣ ፓስፖርቱን፣ አሥራ ስድስት ዓመቱን። በመስኮት እያየች ሰማችኝ።

"ታዲያ እዚህ ማን ብለው ነው የሚጠሩሽ?" አለችኝ። ነገርኳት። "አያምርብሽም" አለች፤ እኔም በግድ ሳቅሁ።

ከሊፍት ወርደን ሻንጣዋን እየጎተትኩ ከፊት ከፊቷ ሄድኩ። ኮሪደሩ መሃል ስደርስ ከኋላዬ ያንን የፓስፖርት ስም፣ ለራሷ እንደምታወራ ያህል ቀስ ብላ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አለችው።

"አቤት!" ብዬ ዞርኩ።

ሳላስበው ነው፤ አፌም አንገቴም ሰውነቴም አንድ ላይ ነው የዞረው። እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሁለታችንም ቀጥ ብለን ቀረን። የተደረገው ነገር አስፈርቶን ነበር።

"ለማየት ብዬ ነው" አለች። "ይቅርታ።"

መቆጣት አማረኝ፣ ግን በማን ላይ? ቁልፉን ከቦርሳዬ አወጣሁና በሩ ጋ እንደቆምኩ፣ ጀርባዬን ሰጥቻት፣ ለወራት የከረመብኝን ነገር አወጣሁት።

"እዚያ ለምን በስሜ ጠራሽኝ? እኔ ሌላ ነገር ነበር የምጠብቀው።"

ሻንጣዋን ወደ ራሷ ሳበችው።

"እማ ልልሽ ነበር" አለች። "አውሮፕላን ውስጥ ሙሉውን መንገድ ስለማመደው ነበር። ስወጣ ግን ያ ሕፃን ማማ ብሎ ሲጮህ ሴቶቹ ሁሉ ወደ ኋላ ሲዞሩ አየሁ፤ በዚያው አልፌሽ ከኋላሽ ነው የደረስኩት። እኔም ብጠራ ሁሉም ይዞሩብኛል ብዬ አፈርኩ። አንቺ ብቻ እንድትዞሪ ነው በስምሽ የጠራሁሽ።"

ለማላውቀው ሕፃን ዞሬለት ነበር። ቁልፉን በሩ ላይ መሰካት አቃተኝ፤ ከእጄ ወስዳ እሷ ከፈተችው።