የኔታ ከጋቢና የወረዱበት ዳገት

በዚህ ሳምንት የዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህራችን የአንድ ስፖርት መኪና ፎቶ አሳየን። መኪናው ገና ተፈትልኮ መነሳቱ ነው፤ አፍንጫው ብድግ፣ ኋላው ዝቅ ብሏል። ሲፈጥን ክብደቱ ወደ ኋላ ጎማዎች እንደሚዛወር፣ ሞተሩ የሚያሽከረክረው እነሱን ከሆነም መሬቱን ይበልጥ ቆንጥጠው እንደሚይዙ አስረዳን። ጓደኞቼ ማስታወሻ ሲይዙ የእኔ ሐሳብ ከቢቸና ሞጣ መንገድ ላይ ነበር።

አምና ግንቦት፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። ዲያቆኑ ወንድሜ ሞጣ በተክሊል ሊያገባ ጎህ ሲቀድ ተነሳን። ፒካፑን የሚነዳው አጎቴ ጋሼ ሞላ ነው። ጋቢና ውስጥ ሙሽራውና የቅኔ መምህሩ የኔታ ተቀመጡ፤ ትልቅ ሰው ሌላ የት ይቀመጣል? እኔና አራቱ ሚዜዎች ከኋላ የጭነት ቦታው ላይ ቆመናል። እናቴ የሰጠችኝ ድፎ ዳቦ ከነሙቀቱ ይሸታል፤ ቅዳሴ ሳይወጣ ግን ማን ይቆርሰዋል? የሞጣ ካህናት ቅዳሴ ከተገባ ተክሊሉ ለሌላ ቀን እንደሚተላለፍ ቁርጡን ነግረውናል።

ዋናው መንገድ እየተጠገነ ስለነበር በአፈሩ መንገድ ዞርን። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ ጥቁሩን አፈር ሊጥ አድርጎታል። አንድ ዳገት ግማሽ ላይ መኪናው ቆመ። በአገራችን ወግ መኪና ዳገት ሲያቅተው ሰው ይወርዳል፤ ከኋላ ያለነው ዘለን ወርደን መግፋት ጀመርን። ጋሼ ነዳጁን ረገጠው። የኋላ ጎማዎቹ በባዶ ተሽከርክረው የሚዜዎቹን ሱፍ በጭቃ ለወሱት።

ያኔ ነገሩ ገባኝ። መኪናውን የሚገፉት የኋላ ጎማዎች ናቸው፤ እኛ ደግሞ የሚጫናቸውን ክብደት አውርደንባቸዋል። ሞተሩም ሰውም ያለው ከፊት ነው። ሁላችንም፣ የኔታም ጭምር፣ ከኋላ የጭነት ቦታው ላይ እንውጣ አልኩ።

አንዱ ሚዜ ሱፉን እየጠረገ፣ «ፊዚክስ ለፈተና ነው እንጂ ለጭቃ አይሆንም» አለኝ።

ጋሼም ተቆጣ። «የኔታን ከጋቢና አውርጄ እንደ እህል ልጫናቸው? ቢቸና ምን ይለኛል?»

የኔታ ግን በሩን ከፍተው ወርደው ነበር። «ሙሽሪት ጾሟን ቆማ እኔ በወንበር ልከበር? ይልቅ ደግፉኝ።»

ደግፈን አወጣናቸው። ሙሽራውም ተከተለ፤ ሁላችንም ጎማዎቹ አናት ላይ ተጠጋግተን ቆምን። ጋሼን ጥቂት ወደ ኋላ እንዲመለስና ነዳጁን በስሱ እንዲረግጥ ለመንኩት፤ ጎማ አንዴ ከተንሸራተተ መሬቱን መያዝ ያቅተዋልና። ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጎ ለቀቀ። ፒካፑ ኋላው ጎንበስ አለ፣ አንዴ ተንገዳገደ፣ ከዚያ ጭቃውን ነክሶ ወጣ። ሞጣ ስንደርስ ካህናቱ ገና ልብሰ ተክህኖ እየለበሱ ነበር። ወንድሜ በጭቃ ጫማ ተክሊል ደፋ።

ዛሬ ቀመሩን በወረቀት ላይ ስሠራው መልሱ ልክ ይመጣል፤ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ቀመሩ ውስጥ የሌለ አንድ ነገር አለ፦ ያን ቀን እኔ ማወቄ ብቻውን መኪናውን አላንቀሳቀሰውም፤ አንድ የተከበሩ ሰው መጀመሪያ መውረድ ነበረባቸው። የኔታ አሁን ጋቢና ግቡ ሲባሉ ፈጥነው አይገቡም። መጀመሪያ ሰማዩን፣ ቀጥሎ መንገዱን ያያሉ።