እጇን ያላነሳችው ነርስ

ሲስተር ጉዲቱን ኮልፌ ውስጥ የማያውቃት የለም፤ የግማሹን ሰፈር ልጅ በክትባት ያስለቀሰች እሷ ናት። አባቷ አቶ ገሜዳ ድሬሰር ነበሩ። ነርስ እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን ለአጭር ጊዜ ሠልጥነው ቁስል የሚያጥቡት፣ መርፌ የሚወጉት፣ ስብራት የሚያስሩት ድሬሰሮች ነበሩ። ሙያው ክብር አልነበረውም፤ «ቁስል ጠራጊ» ይባሉ ነበር። አንዲት ወላድ ደም ፈስሷት እጃቸው ላይ ስትሞት፣ ባሏና ወንድሞቿ አቶ ገሜዳን በዱላ ቀጠቀጧቸው። ግራ ጆሯቸው ከዚያ ወዲህ አልሰማም። ጉዲቱ ነርስ ልሆን ነው ስትላቸው፣ «እሺ ልጄ፣ አንቺ እንኳ ዲፕሎማ ይዘሽ ተደብደቢ» አሏት።

ባለፈው ክረምት አየር ጤና ታክሲ ተራ ላይ ሁለት ተራ አስከባሪዎች ተጣሉ። መኳንንት የሚባለው ጓደኛውን፣ ስሙ ወንድሙ የሆነውን፣ ጭኑ ላይ በጩቤ ወጋው። ሰዎች ተሸክመው ጉዲቱ የምትሠራበት ጤና ጣቢያ ሲያደርሱት ደሙ ኮሪደሩን አጥለቀለቀው። ጉዲቱ ቁስሉ ውስጥ ፋሻ ጠቅጥቃ በሁለት እጇ ተጫነችው።

«አምቡላንስ ጥሩ!»

ወዲያው የበሩ መስታወት ረገፈ። መኳንንት ፌሮ ይዞ ገባና ዘበኛውን ግንባሩን ብሎ ጣለው።

«ልቀቂው! አልጨረስኩም!»

«ከለቀቅኩት ይሞታል።»

«እሱን ነው የምልሽ!»

ፌሮው ቀኝ ክንዷ ላይ አረፈ። አጥንቷ ቀው ሲል ሰማችው። ጮኸች፤ ግን በግራ እጇ ቁስሉ ላይ ተደፋች። ሁለተኛው ምት ትከሻዋን አገኛት። ሦስተኛውን ሊደግም ሲል የላቦራቶሪ ሠራተኞች ከኋላ ተጠምጥመው ጣሉት። የወደቀበት ስባሪ መስታወት መዳፉን ዘለዘለው።

ባልደረባዋ ሰብሪያ ልታስርለት ጎንበስ አለች።

«ተይው፣ ይድማ!» ጉዲቱ ጥርሷን ነክሳ ነበር። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ «እሰሪለት» አለች።

ወንድሙ ተረፈ። የጉዲቱ ክንድ ግን ብረት ገባበት።

ክንዷ ሳይድን የመኳንንት እናት ወይዘሮ ወለተጻድቅ ድንጋይ ተሸክመው ደጇ ተንበረከኩ።

«ስለ ማርያም፣ ልጄን ማሪልኝ!»

«እማማ፣ ድንጋዩን ያውርዱ። ይቅር ብያለሁ። ፍርድ ቤት ግን ያየሁትን እናገራለሁ።»

«ታዲያ ምኑን ማርሽው?» አሉና ድንጋዩን ጥለው ሄዱ።

መሰከረች፤ መኳንንትም ተፈረደበት። ዛሬ ጉዲቱ እዚያው ድንገተኛ ክፍል ትሠራለች። በር በኃይል ሲዘጋ ሰውነቷ ይርዳል። «አይዞሽ» የሚላትን ሰው አትወድም፤ «ፋሻ አቀብለኝ» ትለዋለች።